ቀድሞ መጥኖ መደቆስ

ልጄ፣ አንቺና ጓደኞችሽ ለአማርኛ የሚሆን ሶፍትዌር ልትሠሩ መነሣታችሁን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በማተሚያ ቤት አራሚነት ነውና ቋንቋችን ደህና መሣሪያ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። ያመጣሽልኝን ወረቀት ሳነበው ግን ሰጋሁ። የፊደል ግድፈት ያርማል፣ ንግግር ሰምቶ ይጽፋል፣ ጽሑፍ ያነባል፣ ከእንግሊዝኛ ይተረጉማል፣ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ይሰጣል ይላል። ማን ለምን እንደሚጠቀምበት የሚናገር አንድም መስመር አጣሁበት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። የእናንተ ድስት ገና አልተጣደምና ዛሬውኑ እንነጋገር።

አንድ ሥራ ምረጡ። የዘረዘራችኋቸው አምስቱም በአማርኛ ይሁኑ እንጂ ስንቃቸው ለየቅል ነው። ንግግር ሰምቶ የሚጽፈው ከብዙ ዓይነት ሰው የተቀዳ፣ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ድምፅና ቃል በቃል የተጻፈ ግልባጩን ይፈልጋል። ተርጓሚው በሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ ዓረፍተ ነገሮችን ይፈልጋል፤ ጎግል ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ ይተረጉማልና የእናንተው ምን እንደሚጨምር አስቀድማችሁ መናገር ይኖርባችኋል። የቋንቋው አስቸጋሪ ቦታም እንደ ሥራው ይለያያል። «ገና» ብዬ ስጽፍልሽ በዓሉን ማለቴ ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለውን፣ ፊደሉ አይነግርሽም። የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ነው፤ ያ ደግሞ በአጻጻፋችን አይታይም። ጽሑፍ አንብቦ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ይህን ሳይፈታ አንድ እርምጃ አይሄድም። ፊደል አራሚ ግን ጉዳዬ ሳይል ያልፈዋል። ሥራችሁን ካልወሰናችሁ የትኛው ችግር የእናንተ እንደሆነ እንኳ አታውቁም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊደል አራሚውን ያዙ። በየቢሮው በየቀኑ የሚፈለግ ነው፤ ለእርሱ የምትሠሩት ቃልን ወደ ሥሩ የመፍታት ሥራም ለሌሎቹ መሠረት ይሆናል።

ታዲያ ተጠቃሚው ማነው? «ሁሉም ሰው» የሚለውን መልስ አልቀበልም። የጋዜጣ አርታኢ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ራፖር ጸሐፊ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገና አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ወጣት፣ ሦስቱም የሚሹት የተለያየ ነው። ወጣቱ እርማት ከመምጣቱ በፊት የጻፈውን ወደ ግእዝ ፊደል የሚመልስለት ያስፈልገዋል። አርታኢው «ፀሐይ» በአንዱ ዓምድ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ሆኖ እንዳይወጣበት ይፈልጋል። ግእዝ የተማረ ሰው «ንጉሥ» በንጉሡ «ሠ» ካልተጻፈ ዓይኑን ይቆረቁረዋል። በአንጻሩ ማኅደር ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልግ ሰው «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» እንደ አንድ ተቆጥረው ሁሉም እንዲወጡለት ነው የሚመኘው። እኔ የግእዙን ሥር የምከተል ሰው ነኝ፤ የእናንተ መሣሪያ ግን የእኔን ምርጫ በሰው ላይ ባይጭን እወዳለሁ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱ ቃል ሁለት ዓይነት ሲጻፍ ቢያመለክት ይበቃል። ይህንንም ቢሆን እኔ ስላልሁ አትጻፉት፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ስትጠይቁ ደግሞ በአፍ ብቻ አይሁን። ከራፖር ጸሐፊው ጎን ተቀመጪና ጣቱን ተመልከቺ። ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ የአራት ነጥብን ቁልፍ አይፈልግም፤ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ይመታል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ለኮምፒዩተሩ ግን «።» አንድ ምልክት ሲሆን «፡፡» ሁለት ምልክት ነው፤ ካልተነገረው ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አያውቅም። ወረድ ብሎ «ት/ቤት» ይጽፋል፣ «ወ/ሮ» ይጽፋል፣ «ዓ.ም» አንዴ በነጥብ አንዴ በእዝባር ይጽፋል። መሣሪያችሁ በእነዚህ ሁሉ ሥር ቀይ መስመር ካሰመረ ሰውየው በማግሥቱ ይዘጋዋል፣ አይመለስበትምም።

ወረቀታችሁ «የቃላት ዝርዝር እንሰበስባለን» ይላል። ዝርዝር ብቻውን አያዋጣችሁም። «ስለማይፈልጓቸው» የሚለውን ተመልከቺ። በአንድ ቃል ምክንያቱ አለ፣ አሉታው አለ፣ ባለቤቱ አለ፣ ተሳቢው አለ። የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ከዳር እስከ ዳር ብታስገቡት «ፈለገ»ን ታገኛላችሁ እንጂ ይህን አታገኙም። ከ«ፈለገ» ደግሞ «አስፈለገ»፣ «ተፈለገ»፣ «አፈላለገ» ይወጣሉ፣ እያንዳንዱም በመደቡና በጊዜው ይረባል። ስለዚህ ቃሉን ወደ ሥሩ የሚፈታ ሕግ ማስፈለጉ በዕቅዱ ላይ በግልጽ ይቀመጥ። የቋንቋ ሊቅ ከመካከላችሁ መኖር አለበት ማለት ነው፤ ለደመወዙም ገንዘብ መያዝ ማለት ነው።

የተስማማችሁበትን ሁሉ ጻፉት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። መሣሪያው በስልክ ነው በኮምፒዩተር፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል አይሠራም፣ የምትሰበስቡት ጽሑፍ የማን ነው፣ ባለቤቱስ ፈቅዷል? ከሁሉ በላይ የማትሠሩትን ጻፉ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል ያከማቸ መሥሪያ ቤት ዛሬም አለና ወደ እናንተ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የድሮውን ፋይል መለወጥ ሥራችሁ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ ይኑር።

ሥራው መጠናቀቁን በምን ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ብዙዎች ለመጨረሻ ያቆዩትና ይጣሉበታል። ከወዲሁ መሣሪያው ፈጽሞ የማያያቸውን ገጾች ለይታችሁ አስቀምጡ። ሁለት የበሰሉ አራሚዎች ሳይመካከሩ ስሕተቶቹን ያመልክቱባቸው። ሁለቱ ያልተስማሙበትን ቦታ በመነጋገር ፍቱት፤ ሰው ያልተግባባበትን ማሽን ተሳሳተ ማለት አይቻልም። ከዚያ ሁለት ነገር ትቆጥራላችሁ፦ ያመለጠውን ስሕተትና ስሕተት ሳይሆን የተሰመረበትን። እኔ ሁለተኛውን አጥብቄ እፈራለሁ። በአገራችን የሰውና የቦታ ስም ከብዙ ቋንቋ የመጣ ነው፤ የራሱን ስም በቀይ ተሰምሮበት ያየ ሰው መሣሪያው እርሱን እንደማያውቀው ይሰማዋል፣ ደግሞም እውነቱን ነው። ስንት ያህሉን እንደምትታገሡ ሳትጀምሩ ወስኑ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ገንዘብ የሚሰጣችሁ ሰው ሻይ እየጠጣችሁ «ትግርኛንም ጨምሩበት፤ ፊደሉ አንድ አይደል? ኦሮምኛም ቢኖር ጥሩ ነበር» ይላችኋል። በቅን ልቡ ነው። ይሁን እንጂ ትግርኛ በዚሁ ፊደል ቢጻፍም ሰዋስዉ ሌላ ነው፤ ኦሮምኛ ደግሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ይጻፋል። እነዚህ ቋንቋዎች የገዛ ተናጋሪዎቻቸው የሚመሩት ሙሉ ሥራ ይገባቸዋል፤ የእኛ ተቀጥላ ማድረግ ነውር ነው። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ወዲያው «እሺ» አትበሉ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። «አስበን በጽሑፍ እንመልሳለን» በሉ። አዲስ ነገር ከተጨመረ ቀኑም ገንዘቡም ይጨመራል፣ ካልሆነም ከተያዘው አንዱ ይወጣል፤ ሁለቱም ወገን ይፈርምበታል።

አሁን ኮዱን ለጊዜው ተዉት። አንዳችሁ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፣ አንዳችሁ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሂዱና ሥራቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ተመልከቱ። ያያችሁትን፣ የምትሠሩትንና የማትሠሩትን በሁለት ገጽ ጽፋችሁ አምጡልኝ። እርማቱን እኔ እሠራዋለሁ።