የወደደ ሁሉ ባለ ርስት ነውን?

ሰው በልጅነቱ የወደደውን ነገር ሲያድግ ይተወዋል እንጂ አይረሳውም። ልብሱ ያጥረዋል፤ ጫማው ይጠበዋል፤ ሰፊ ሆኖ ይታየው የነበረው የሠፈሩ መንገድ እንኳ በጎልማሳነቱ ሲመለስበት ጠቦ ያገኘዋል። በልቡ የተሣለው ሥዕል ግን አያጥርም፤ አይጠብም። ስለዚህ ሌላ ሰው መጥቶ ያንን ሥዕል በሌላ ቀለም ልቀባው ያለ እንደ ሆነ፥ ባለ ሥዕሉ ቤቱን እንደ ተደፈረ ሰው ይቈጣል። ቍጣው የተገባ ነውን? አንድን ነገር ከልብ መውደድስ በዚያ ነገር ላይ የማዘዝ መብት ይሰጣልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው።

ለጥያቄው ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሰው ጠባይ ከትልቁ ጉዳይ ይልቅ በትንሹ ገልጦ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። በአሜሪካ አገር «ኮሚክስ» የሚባል፥ ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ ቀጭን መጽሔት አለ። በ1938 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን) በክሊቭላንድ ከተማ ያደጉት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን በዚህ ዐይነት መጽሔት ላይ ታየ። በማግሥቱ ዓመት በ1939 ቦብ ኬንና ቢል ፊንገር ያዘጋጁት ባትማን ተከተለው። አንዱ ከሌላ ዓለም መጥቶ በሰማይ የሚበር፥ ሁለተኛው ወላጆቹ ዐይኑ እያየ የተገደሉበት፥ በሌሊት ጭንብል አጥልቆ ወንጀለኛን የሚያሳድድ ነው። የመጽሔቱ ዋጋ 10 ሳንቲም ስለ ነበረ የድኻውም ልጅ ሊገዛው ይችል ነበር።

በዕድሜ የገፉ የኮሚክስ ወዳጆች ተሰብስበው ሲጫወቱ የሚያነሡት ወግ ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያው መጽሔታቸው የትኛው እንደ ነበረ፥ ከየትኛው ጓደኛቸው ጋራ እንደ ተለዋወጡት፥ በብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍነው በባትሪ ብርሃን እንዴት እንዳነበቡት፥ በመጨረሻም እናታቸው ቤት ሲያጸዱ ሣጥን ሙሉ መጽሔት አውጥተው እንዴት እንደ ጣሉባቸው ይናገራሉ። በእናቶቹ ብቻ አይፈረድም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ ርዳታ አሮጌ ወረቀት ሲሰበሰብ የኮሚክሱ ብዙ ክፍል በዚያው ጠፋ። በ1948 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በቢንግሃምተን ከተማ ተማሪዎች ክምሩን በአደባባይ አቃጠሉት። በ1954 ደግሞ ፍሬደሪክ ወርታም የተባለው የአእምሮ ሐኪም እነዚህ መጽሔቶች ልጆችን ያበላሻሉ ብሎ መጽሐፍ ስለ ጻፈ፥ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደርሶ ተመረመረ፤ አሳታሚዎቹም ራሳቸውን የሚቈጣጠሩበት ደንብ አወጡ።

እንግዲህ ሐኪሙ ሲያወግዘው፥ መምህሩ ሲነጥቀው፥ እሳቱ ሲበላው መጽሔቱን በሣጥን ሸሽጎ ያተረፈው ማን ነው? ያ ልጅ ነው። ሱፐርማን መጀመሪያ ከወጣበት መጽሔት አንዱ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍትም ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ የኮሚክስ ቅጂ በክብር ተቀምጧል። ሊቃውንት የናቁትን ነገር ያልተማረው ፍቅር ጠብቆ አቈየው። ይህን ውለታ ሳይመሰክሩ በእነዚህ ሰዎች ቍጣ ላይ መፍረድ ደግ አይደለም።

አሁን ወደ ቍጣው እንምጣ። በ1988 ዋርነር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ባትማንን በሲኒማ ሊያወጣ ሲነሣ፥ ዲሬክተሩ ቲም በርተን የዋናውን ጀግና ቦታ ለማይክል ኪተን ሰጠው። ኪተን እስከዚያ ድረስ በይበልጥ የታወቀው ሰውን በሚያሥቅ ጨዋታ ነበር። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ አገጩም በመጽሔቱ እንደ ተሣለው አገጭ አራት ማዕዘን አይደለም። ወሬው በተሰማ ጊዜ 50,000 ያህል የተቃውሞ ደብዳቤ ወደ ኩባንያው እንደ ጐረፈ ይነገራል። ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን ይህ ሁሉ ሰው ብዕር አንሥቶ፥ ቴምብር ገዝቶ፥ ወደ ፖስታ ቤት መሄዱ የነገሩን ክብደት ያስረዳል።

ፍርሀታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከ1966 እስከ 1968 በቴሌቪዥን የታየው ባትማን ጀግናውን የሣቅ መጫወቻ አድርጎት ነበርና፥ የወደዱት ሁሉ ያ ጊዜ ተመልሶ እንዳይመጣ ይሠጉ ነበር። ነገር ግን መሥጋት አንድ ነገር ነው፤ ሳያዩ መፍረድ ሌላ ነው። ፊልሙ በ1989 በወጣ ጊዜ ኪተን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ከጭንብሉ በስተኋላ በዐይኑ ብቻ ሐዘንንና ቍጣን ሲገልጥ ታየ። ፊልሙ በዓለም ላይ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። በ2006 ሂዝ ሌጀር የባትማን ባላጋራ የሆነውን ጆከርን እንዲጫወት በተመረጠ ጊዜም ብዙዎች ተሣለቁ። ወጣቱ በ2008 ጥር ወር ፊልሙ ሳይወጣ ሞተ፤ በሚከተለው ዓመት የኦስካር ሽልማት ለሙታን መታሰቢያ ሆኖ በስሙ ተሰጠ። ካፌዙበት መካከል በኋላ ያደነቁት ብዙ ናቸው፤ እርሱ ግን አድናቆታቸውን ሊሰማ አልቻለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1989 ፊልሙን ያየው የ10 ዓመት ልጅ ባትማን ማለት ኪተን ነው ብሎ አደገ። ያ ልጅ በ2013 የ34 ዓመት ሰው ሆነ፤ በዚያው ዓመት ቤን አፍሌክ ለባትማንነት ተመረጠ ሲባል የተቃውሞ ፊርማ ከሚያሰባስበው ትውልድ ውስጥ ተገኘ። ኪተንም በ2023 በሽምግልናው ጭንብሉን እንደ ገና ባጠለቀ ጊዜ ብዙዎች በናፍቆት ተቀበሉት። የአንዱ ትውልድ ስድብ ለሚከተለው ትውልድ የልጅነት ትዝታ ሆነ ማለት ነው። የዛሬው ጠባቂ የሚጠብቀው አጥር የትናንቱ ጠባቂ ሊያፈርሰው የፈለገውን አጥር መሆኑን ቢያውቅ፥ ድምፁን ጥቂት ዝቅ ባደረገ ነበር።

ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው? ሕግ ሲጠየቅ ባለቤቱ መብቱን የገዛው ኩባንያ ነው ይላል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ይህን ባለቤትነት ዘለዓለማዊ አላደረገውም፤ በ1938 የታተመው የሱፐርማን ታሪክ በአሜሪካ ሕግ በ2034 መጀመሪያ የሕዝብ ሁሉ ሀብት ይሆናል። ልብ ሲጠየቅ ደግሞ ባለቤቱ የወደደው ነው ይላል። እኛ ሁለቱንም መልስ ሙሉ አድርገን አንቀበልም። በወደደው ሰው እጅ ሁለት ነገር አለ፤ አንደኛው ትዝታው ነው፥ ሁለተኛው ትዝታውን ያስገኘው ታሪክ ነው። ትዝታው በእውነት የራሱ ነው፤ ማንም አይነጥቀውም። ፊልሙ ቢያምርም ቢከፋም በሣጥኑ ያለችው አሮጌ መጽሔት አንድ መሥመር አትለወጥም። ታሪኩ ግን ለእርሱ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከእርሱ በፊት ሌሎች ሰምተውታል፤ ከእርሱም በኋላ ገና ያልተወለዱ ይሰሙታል።

ከ2000 ወዲህ በሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ሥራ አለ። መጽሔቱ በባለሞያ ተመርምሮ እስከ 10 የሚደርስ ነጥብ ከተሰጠው በኋላ፥ በጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። ነጥቡ ከፍ ባለ መጠን ዋጋው ይወደዳል። ማሸጊያው ካልተሰበረ ግን መጽሔቱ አይነበብም። ለመጽሔቱ ይህ ጥበቃ ይገባው ይሆናል፤ ወረቀት አላቂ ነውና። ታሪኩን ራሱን እንደዚሁ ላሽገው የሚል ግን ከእርጅና ሲያድነው አንባቢ ያሳጣዋል።

ማሸጉ ሌላም ጉዳት አለው። ከ1961 ጀምሮ ጠጕሩ ብጫ የሆነ ነጭ ወጣት ሆኖ ይሣል የነበረውን ጆኒ ስቶርምን እንዲጫወት ጥቁሩ ተዋናይ ማይክል ቢ. ጆርዳን በ2014 በተመረጠ ጊዜ፥ «ከሥዕሉ ጋራ አይመሳሰልም» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከጮኹት መካከል ለሥዕሉ ብቻ የቀኑ ቅን ሰዎች አይጠፉም። ሆኖም ያ ሥዕል በተሣለበት ዘመን ጥቁር ልጅ ሳንቲሙን ከፍሎ በሚገዛው መጽሔት ውስጥ የራሱን መልክ በጀግና ቦታ ፈልጎ አያገኝም ነበር። ትዝታን መለኪያ ያደረገ ሰው የትዝታውን ጕድለት ጭምር ሕግ እንዳያደርገው ሊጠነቀቅ ይገባል። በእኛም አገር በ2018 «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ኃያል ጀግና የሚተረክበት የሥዕል ታሪክ በአማርኛ ጭምር መውጣቱ፥ ልጆች የራሳቸውን መልክ በጀግና ቦታ ለማየት ያላቸው ፍላጎት ከየትም የማይቀር መሆኑን ያስረዳል።

እንግዲያስ የወዳጅ ቍጣ ሁልጊዜ ከንቱ ነውን? አይደለም። ሲግልና ሹስተር በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጠው ነበር። ጀግናው ለሌሎች ብዙ ሚሊዮን ሲያስገኝ፥ እነርሱ በዕድሜያቸው መጨረሻ ተቸገሩ፤ የሹስተር ዐይን ደከመ፤ ስማቸውም ከፈጠሩት ሥራ ላይ ተነሣ። በ1975 የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ነው ሲባል ሲግል በደሉን ለጋዜጦች ገለጠ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሠዓልያን ሽማግሌዎቹን ደግፈው ተከራከሩ፤ ሕዝቡም ሰማ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ሊሰጥና ስማቸውን ሊመልስ ተስማማ። የ130 ዶላሩ ክፍያ ያለበት አሮጌ ቼክ ራሱ በ2012 በ160,000 ዶላር መሸጡን ስናስብ፥ ዓለም ከሠሪው ይልቅ የሠሪውን ቅርስ ማክበር እንደሚቀናው እንረዳለን።

ቢል ፊንገር ግን ይህን እንኳ ሳያይ በ1974 ሞተ። ለባትማን ያደረገው ብዙ ሲሆን የፈጣሪነቱ ስም ለቦብ ኬን ብቻ ተሰጥቶ ቈየ። ማርክ ታይለር ኖብልማን የተባለ ደራሲ ለዓመታት መዝገብ እያገላበጠ፥ ወራሾቹን እየፈለገ፥ የጠፋውን ታሪክ ገለጠ፤ ከብዙ ድካምም በኋላ በ2015 የፊንገር ስም ከኬን ስም አጠገብ እንዲጻፍ ተፈቀደ። ይህንም ያስገኘው የባትማን ፍቅር ነው፤ ያንን 50,000 ደብዳቤ ያስጻፈው ፍቅር ነው። ምንጩ አንድ ሲሆን ፍሬው የተለያየው ስለ ምንድን ነው? የፊተኛው ፍቅር «የእኔን ሥዕል አትንኩብኝ» ብሎ ለራሱ ጠየቀ፤ የኋለኛው «የዚህን ሰው ድርሻ ስጡት» ብሎ ለሌላ ጠየቀ። ፍቅርን በመብት ሚዛን ከመመዘን በፊት በዚህ መለኪያ መመዘን የሚሻል ይመስለናል።

ስለዚህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። የወደደ ሰው ባለ ርስት አይደለም፤ ባለ አደራ ነው። ባለ ርስት በርስቱ ያዝዝበታል፤ ባለ አደራ ግን የተቀበለውን ጠብቆ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ባለ አደራ የመናገር መብት አለው፤ የተሠራውን ካየ በኋላ «ይህ ተበላሽቷል» ብሎ ሊመሰክር፥ ሠሪው ሲረሳ ስሙን ሊያነሣ፥ የገዛ ኩባንያ ሲበድል ሊከራከር ይገባዋል። ገና ያልተሠራውን መኰነን፥ የተዋናዩን አገጭና የቆዳውን ቀለም መለካት ግን የአደራው ክፍል አይደለም። ሣጥኑን ለልጁ ከፍቶ «እኔ በአንተ ዕድሜ የወደድኩት ይህን ነበር፤ አንተ ደግሞ የምትወደውን አሳየኝ» ለማለት የቻለ ሰው፥ ያን ጊዜ አደራውን በሚገባ ተወጥቷል።