ሁለተኛው ምስክር

 

«ሳይንቲስቶች ያገኙት ብላክ ሆል ቁርኣን ውስጥ አለ» የሚል ጽሑፍ ስንቶቻችሁ ጋ ደርሷል? እኔ ጋ በየግሩፑ ይመጣል። ከማስተላለፋችሁ በፊት ፈላጊዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚሠሩ እዩልኝ።

ብዙ ብላክ ሆሎች ግዙፍ ኮከቦች ሲሞቱ የሚፈጠሩ ናቸው። ከሞተ ኮከብ ግን ከፀሐይ የቀለለ ብላክ ሆል አይወጣም። ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ዓለም ገና ስትጀምር፣ አንድም ኮከብ ሳይኖር፣ ትንንሽ ብላክ ሆሎች ተፈጥረው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ዛሬ ከፀሐይ የቀለለ ቢገኝ የዚያ ዘመን ቅሪት ሳይሆን አይቀርም።

ብርሃን ስለማያወጡ በዓይን አይፈለጉም። ሁለቱ ተዟዙረው ሲዋሃዱ ግን ጠፈሩን ራሱን ያናውጣሉ፤ የስበት ሞገድ ይሉታል። ይህን የሚያዳምጡት የላይጎ ሁለት መሣሪያዎች አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን ናቸው፤ በመካከላቸው 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። የእያንዳንዱ ክንድ 4 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ሞገዱ ሲያልፍ የሚለጠጠው ግን ከፕሮቶን ስፋት ሺህኛ ባነሰ ነው። ሱብሓነላህ! መኪና ቢያልፍ እንኳ ይረብሸዋል። ለዚህ ነው አንዱ ብቻውን «ሰማሁ» ሲል በጥርጣሬ የሚታየው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 የመጀመሪያው ሞገድ ሲመጣ ሊቪንግስተን ሰማ፤ ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ መሰከረ። ዜናው ይፋ የሆነው ግን ፌብሩዋሪ 2016 ነው። አምስት ወር ሲያጣሩ ቆዩ! እኛ «ሼር» ለማድረግ አምስት ደቂቃ አንታገስም። አንድን ሐዲስ ለማጣራት ከአገር አገር የተጓዙ ዑለማዎች ልጆች ነን እኮ።

ትንንሾቹስ? የመጀመሪያዎቹ ሦስት የምልከታ ዙሮች መዝገብ ተፈተሸ፤ «ተገኘ» የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ጽፈው አሳተሙ። ባዶ እጅ መመለስ አይደለም፤ በጣም ብዙ ቢሆኑ ኖሮ ይሰሙ ነበርና፣ ቁጥራቸው ከዚህ ሊበልጥ አይችልም የሚል ወሰን አስቀመጡ። እኔ ይህን አማና እለዋለሁ።

አንድን አያህ በመላምት ላይ የሰቀልንለት ልጅ፣ መላምቱ ሲወድቅ ስለ አያው ምን ያስባል? ይህ ያስፈራኛል። ስለዚህ ጽሑፉን የላከላችሁን ሰው በአደብ «ከማን ሰማህ?» በሉት።

ፍለጋው አላበቃም፤ የጣሊያኑ ቪርጎና የጃፓኑ ካግራም አብረው ያዳምጣሉ። ካገኙ፣ ኢንሻአላህ፣ ተጣርቶ ሲወጣ እናነበዋለን።