ከወንዝ ማዶ የመጣ ሰው

በድሮ ዘመን አንድ ሲራራ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ እናርያ ይወርድ ነበር። ጭነቱ አሞሌ ነው። በዚያ ዘመን ጨው ሸቀጥም ገንዘብም ስለነበር፣ ከተቆረጠበት ከአፋር በረሃ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፤ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ እስከ ግቤ አገሮች የሚዘልቀውም ለዚሁ ነው። ሲራራው ባሶ ገበያን አልፎ፣ ቆላውን ወርዶ ዓባይ ዳር ሰፈረ። ወንዙ ግን ገና አልጎደለም። ጨው ውሃ ከነካው አለቀለት፤ መጠበቅ ግድ ሆነ።

መጠበቁ ሲረዝም የሲራራው አለቃ ነጋድራሱ ለሰፈሩ ድግስ ደገሱ። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ በሬ ተጣለ። በዚያው ቀን ከማዶ የተሻገሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ዝባድ በቀንድ ሞልተው፣ ኮረሪማ ቋጥረው ከእናርያ የሚመለሱ። ጭነታቸው ቀላል ስለሆነ በታንኳ ተሻገረላቸው፤ በቅሎዎቻቸውን ዋናተኞች እየነዱ አወጡላቸው። እነሱም ከሰፈሩ ጫፍ እሳት አነደዱ።

ሲመሽ ሰዉ በየአገሩ ተከፋፈለ። የጎንደሩ ከጎንደሬው፣ የደሪጣው ከደሪጣው፣ የዓድዋው ከዓድዋው ጋር ተቀመጠ። በየእሳቱ ዳር የሚወራውም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፦ የጎንደር ገበያ ዋጋ፣ የኬላው ቀረጥ፣ በመንገድ የሞተችው በቅሎ። ሰው ከለመደው ሰው ጋር ማምሸት ደስ ይለዋል፤ በዚህ ማንም አይወቀስም።

አንድ ወጣት አዲስ ኩታ ለብሶ ከነጋድራሱ ድንኳን ደጃፍ ቆመ። ተራው ሲደርስ ገብቶ ጉልበት ሳመ፤ የአባቱን ስም ጠራ፤ የበቅሎዎቹን ብዛት ተናገረ። ወጥቶ ጥቂት ቆየና ጠጅ በብርሌ ይዞ ዳግም ገባ። እንደሱ የሚገቡና የሚወጡ ብዙ ነበሩ።

ሌላው ወጣት ከአባቱ የወረሳቸው ሦስት በቅሎዎች ብቻ ነበሩት። እራቱን ከአገሩ ልጆች ጋር በልቶ ሲነሣ አጎቱ፣

«ወዴት ነው?» አሉት።

«እነዚያ ዛሬ የተሻገሩት ብቻቸውን ናቸው፤ ልጠይቃቸው።»

«ሳታውቃቸው ምን ልትላቸው ነው?»

«እንዴት አመሻችሁ እላቸዋለሁ።»

ሲደርስ አንድ ሽማግሌ በችቦ ብርሃን የበቅሏቸውን ገጣባ ያጥባሉ። በቅሎዋ እየተወራጨች አስቸግራቸዋለች። ወጣቱ ሰላምታውን አቅርቦ አፍንጫዋን ያዘላቸው። ቁስሉ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ኮርቻው ልጧት ሥጋው ቀልቷል። ወጣቱ ከትከሻው ደበሎውን አወረደ፤ በካራው ጠርዙን ቆረጠና፣ «ነገ ሲጭኑ ይህን ከሥር ያድርጉላት፣ አባቴ» ብሎ ሰጣቸው። ሽማግሌው ቁራጩን ተቀብለው ጸጉሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ «ተቀመጥ» አሉት፤ ቡናም ቀረበ።

ስለ ዋጋ አልጠየቃቸውም። በቅሎዋ የት እንደተገጠበች፣ ጉዞው እንዴት እንደነበረ፣ ከነማን ጋር እንደወጡ ነው የጠየቃቸው። እሳቸውም ቆላ ላይ ንዳድ ስለቀጠፋቸው ሁለት ጓደኞቻቸው አጫወቱት። ሌሊቱ ሲገፋ ራሳቸው አነሡት።

«የያዛችሁት ጨው ነው?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«እንግዲያው እናርያ አትግቡ። ከእናንተ በፊት ሁለት ሲራራ እዚያ ጨው አራግፏል። ወደ ጅማ ታጠፉ፤ ሂርማታ ገበያ አሞሌ ከታጣ ሰንብቷል። እዚያ ያሳድረኝ የነበረ ወዳጅ አለኝ፤ ጓደኞቼ መሞታቸውን አልሰማም። ንገርልኝ።»

«እነግርልዎታለሁ። ጎንደር ሲገቡም ከእናቴ ቤት ይረፉ» አለና የቤቱን ምልክት ነገራቸው።

ሲነጋ ወጣቱ የሰማውን ይዞ ወደ ነጋድራሱ ድንኳን ሄደ። የዚያን ቀን ወረፋ አልጠበቀም፤ ወሬውን የሰሙ ሁሉ መንገድ ለቀቁለት። ነጋድራሱ ሽማግሌውን አስጠርተው ጠየቁ፤ ነገሩም እውነት ሆነ። ውሃው ጎድሎ ሲሻገሩ ሲራራው ወደ ጅማ ታጠፈ። ሂርማታ ሲደርሱ ወጣቱ ጭነቱን ሳያወርድ የሽማግሌውን ወዳጅ አፈላልጎ መርዶውን ነገረ። ሰውዬው አለቀሰ፤ ከዚያም ቤቱን ከፈተለት። ከዚያ ወዲያ ወጣቱ ጅማ በወረደ ቁጥር የሚያርፈው እዚያ ቤት ሆነ።

ባለ አዲስ ኩታውን ነጋድራሱ በማግሥቱ በሰፈሩ ሲያዩት፣ «ይህ ልጅ የማን ነው?» አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ባንድ ሌሊት ስንት ስም ይያዛል?

ይህን ያነሣሁት የመሥሪያ ቤት ግብዣ እያሰብኩ ነው። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ወይም አዲስ ዓመት ይቃረባል፤ ሠራተኛው ሆቴል አዳራሽ ይጠራል። ሒሳብ ክፍል ከሒሳብ ክፍል፣ አይቲ ከአይቲ ጋር ይቀመጣል። ሾፌሮቹ በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይይዛሉ። ከሥራ አስኪያጁ ዙሪያ ደግሞ ሰው አይጠፋም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ፖል ኢንግራምና ማይክል ሞሪስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ መቶ የሚጠጉ የንግድ ሰዎችን ባንድ ግብዣ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ በሚመዘግብ መሣሪያ ተከታትለዋቸዋል። አብዛኞቹ አስቀድመው የመጣነው አዲስ ሰው ለመተዋወቅ ነው ብለው ነበር። ምሽቱ ሲያልቅ ግን የጊዜያቸው ግማሽ ያህል ያለፈው አስቀድመው ከሚያውቋቸው ጋር ነው።

የሚያስቆጨው፣ ሥራና ዕድል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከሌላው ጠረጴዛ መሆኑ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በቦስተን አጠገብ በምትገኘው ኒውተን ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ነበር። በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል፣ ያን ሰው አዘውትረው ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነው ያመላከታቸው። እሱም እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን አስረድቷል፤ የቅርብ ወዳጅህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፤ ራቅ ያለው ሰው ግን አንተ ካልዋልክበት ውሎ ነው የሚመጣው።

ብዙ ጨዋ ሰው ከእንዲህ ያለ ግብዣ የሚሸሸው ነገሩ ደጅ ጥናት መስሎ ስለሚታየው ነው። አለቃን ከቦ መቆም በእርግጥ ደጅ ጥናት ነው፤ ያስንቃልም። ግዥ ክፍል ካለችው፣ አንድም ቀን አነጋግረዋት ከማያውቋት ባልደረባ አጠገብ ተቀምጦ ሥራዋ የት ላይ እንደሚያስቸግራት መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንንም አያሳፍርም። ለአለቃም ቢሆን የሚነገር ቁም ነገር የሚገኘው እንዲህ ካለው ወንበር ነው።

ድግሱን የምታዘጋጁ ኃላፊዎች፣ ክፍሎቹን ቀላቅላችሁ አስቀምጡ። በዚያ ምሽት ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ሥራ ላይ ስለሚሆኑ ተራ አውጡላቸው፤ እነሱም ከገበታው ይቅረቡ። ጾመኛውንና ልጅ ጥላ የመጣችውን አስባችሁ ምግቡንም ሰዓቱንም ወስኑ። እርስዎም፣ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ግብዣ ሳህንዎን ይዘው ከማያውቁት ሰው አጠገብ ይቀመጡ፤ «እልክልሃለሁ»፣ «እጠይቅልሻለሁ» ያሉትንም ነገር በማግሥቱ፣ ኢሜይልዎን ከመክፈትዎ በፊት ይፈጽሙ።