ፍሬው የማን ነው?

በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ክሪፓሉ የሚባል የታወቀ የዮጋ ማዕከል አለ። በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የገባበት ሕንፃ ቀድሞ የኢየሱሳውያን ማኅበር ማሠልጠኛ ነበር። በዚያ ዘመን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው እየኖሩ ድስት ያጥቡ፣ አልጋ ያነጥፉ፣ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር፤ ያለ ደመወዝ። ሥራው ሴቫ ይባላል፤ አገልግሎት እንደ ማለት ነው። በ1994 ግን መሥራቹ አምሪት ዴሳይ ለሌላው መታቀብን እየሰበከ ከሴት ተከታዮቹ ጋር ግንኙነት እንደነበረው ታወቀና ሥልጣኑን ለቀቀ። ከቀድሞ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ከሰሱ፤ ነገሩም በካሳ አለቀ።

የመምህሩ ግብዝነት ብዙ አያስገርመኝም፤ የሚሰብከውን የማይኖር ሰው በየሃይማኖቱ ሞልቷል። የሚከነክነኝ ድስቱ ነው። እስከ ትናንት በፍቅር ሲታጠብ የኖረው ድስት በማግስቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነበር ማለት ነው?

እኛ ዘንድ ስለ ዮጋ ሲነሣ ጠቡ አንድ ነው፦ ስፖርት ነው ወይስ ባዕድ አምልኮ? ያንን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን የያዘኝ ከምንጣፉ ውጭ ያለው ዮጋ ነው፤ ሰውን ማገልገልና አብሮ መኖር ራሱ መንፈሳዊ ልምምድ ነው የሚለው። ካርማ ዮጋ ይሉታል። ሥሩ በሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በባጋቫድ ጊታ ውስጥ ነው፤ እዚያ አምላኩ ክሪሽና ለጦረኛው አርጁና የሚነግረው ሥራው የእሱ ድርሻ እንደሆነ፣ ፍሬው ግን እንዳልሆነ ነው። በ1895 መጨረሻና በ1896 መጀመሪያ ህንዳዊው መነኩሴ ስዋሚ ቪቬካናንዳ ይህንኑ ኒው ዮርክ ላይ በተከታታይ አስተማረ። በማላያ በሐኪምነት ሲሠራ የኖረው ሺቫናንዳ ደግሞ መንኖ ሪሺኬሽ ገባና፣ በጋንጀስ ዳር የታመሙ መናንያንን እያከመ፣ «አገልግል፣ ውደድ» ብሎ የሚጀምር መመሪያ ለተከታዮቹ ተወ። በ1936 ያቋቋመው ማኅበር ዛሬም አለ።

ይህን ሁሉ ስሰማ ልቤ ይሳባል፤ አልደብቅም። ነገር ግን አንድ ክርክር አላስተኛ ብሎኛል። ፍቅርን «የምለማመድ» ከሆነ፣ የምወደው ሰው የልምምዴ ዕቃ አልሆነም ወይ?

ጥርጣሬው ከውጭ የመጣ አይደለም። የጥንቱን የዮጋ መጽሐፍ፣ የፓታንጃሊን ዮጋ ሱትራ፣ የከፈተ ሰው ገና በመጀመሪያው ክፍል ያገኘዋል፦ ለደስተኛው ወዳጅነትን፣ ለተጨነቀው ርኅራኄን አሳድር ይላል። ለምን? አእምሮህ እንዲጠራ። የተጨነቀው ሰው ከጭንቀቱ ይውጣ አይውጣ የዚያ አንቀጽ ጉዳይ አይደለም። የመጽሐፉ መድረሻም ካይቫልያ ነው፤ ነፍስ ከሁሉ ተለይታ ብቻዋን የምትቆምበት ነጻነት። ማኅበር የሚባል ነገር እዚያ ጫፍ ላይ የለም። ቪቬካናንዳ ራሱ ዓለምን የግብረ ገብ ጂምናዚየም ብሎ ጠርቷታል፤ ድሃውንም ስለ ሰጠኸው ሳይሆን እንድትሰጥ ዕድል ስለ ሰጠህ አመስግነው ብሏል። ትሕትናው ያምራል። ግን እስቲ ከድሃው ወገን እንስማው፦ የእሱ ረኃብ ለእኔ ጡንቻ ማጠንከሪያ ብረት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ህንድን ብቻ መክሰስ አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን የሚዘረጋ እጅ «ለነፍሴ» ብሎ ነው የሚዘረጋው፤ ማናችንም አናፍርበትም።

የካርማ ዮጋ ተከራካሪ መልስ አለው። ቀዶ ሐኪምን ተመልከት ይላል፤ ውጤቱ ያስጨነቀው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡን ከፍሬው የለየ ግን አስተካክሎ ይቆርጣል። እውነት ነው። ሆኖም እጁ የጸናው ሐኪምም በሽተኛው እንዲድን ይፈልጋል። በሽተኛው ሲሞት ወጥቶ «እኔ ድርሻዬን ተወጥቻለሁ፣ ፍሬው የእኔ አይደለም» ቢል፣ በር ላይ የቆመችው እናት ጥበቡን የምታደንቅለት አይመስለኝም። ተከራካሪው እንደገና ይመለሳል፦ ፍሬ ሁለት ነው፤ አንዱ የበሽተኛው መዳን፣ ሌላው የሐኪሙ ምስጋናና ስም። ተው የተባለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጊታም ለዚህ ንባብ ቦታ አለው፤ ምዕራፍ 3 ዓለም ሳትበተን እንድትያዝ ሲባል መሥራትን ያነሣል፣ ምዕራፍ 6 ደግሞ የሌላውን ደስታና ሥቃይ እንደ ራሱ የሚያየውን ከዮጊዎች ሁሉ ያስበልጣል።

ይህን መልስ እቀበለዋለሁ፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ። ምስጋናና ስም የእኔ ፍሬ ከሆኑ የአእምሮዬ መጥራትም የእኔ ፍሬ ነው። እሱም መተው አለበት። ያኔ ጂምናዚየሙ ፈረሰ፤ ጡንቻ የማይፈልግ ሰው እዚያ ምን ይሠራል? የሚቀረው በሽተኛው ብቻ ነው።

ቪቬካናንዳ በቃሉ ሳይሆን በሥራው እዚህ የደረሰ ይመስለኛል። በ1898 ካልካታን የወረርሽኝ ስጋት ሲይዛት፣ ለሕዝቡ መርጃ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ተብሎ ተጠየቀ። ካስፈለገ ለገዳማችን የተገዛውን አዲስ መሬት እንሸጣለን አለ። መሸጥ አላስፈለገም። በተከታዩ ዓመት የእርዳታውን ሥራ የመራችው አየርላንዳዊቷ ደቀ መዝሙሩ ኒቬዲታ መጥረጊያ ይዛ በካልካታ የባግባዛር ሰፈርን ጎዳና ልትጠርግ ወጣች፤ ያዩዋት የሰፈሩ ወጣቶች አፍረው መጥረጊያውን ተቀበሏት። ጂምናዚየሙን ለመሸጥ የተዘጋጀ ሰው ለጡንቻው አልነበረም የሚሠራው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሙግት ለእኔ እዚህ ላይ ረግቧል፤ ሌላ ግን ወለደ። «ፍሬህን አትሻ» የሚለው ቃል ሰው ለራሱ ሲለው አንድ ነገር ነው፣ ለሌላው ሲለው ሌላ። የራሴን ድርሻ እኔ ልተወው እችላለሁ፤ የአንተን ድርሻ ግን እኔ የምተውልህ ከሆነ ወስጄብሃለሁ። በተለይ ፍሬው የሚገባው በተናጋሪው ካዝና ሲሆን። ስለዚህ ካሳ የተቀበሉት የክሪፓሉ ሰዎች ያኔ በፍቅር ነበር የሠራነው ቢሉ አምናቸዋለሁ። ድርሻቸውን የተዉት ለሚበላው እንግዳ ነው፤ ለመሥራቹ አልሰጡትም።

ጉዳዩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ጊታ ራሱ ግን ለሌላ ሰው የተነገረ ምክር ነው፤ ክሪሽና ለአርጁና «አንተ» እያለ ነው የሚያስተምረው። አዎን፣ መካሪው በዚያ ቀን የተማሪው ሠረገላ ነጂ ነው፤ አገልጋዩ እሱ ነው። ይህ ትንሽ ያጽናናኛል። ምዕራፍ 18 ላይ ስደርስ ግን ማጽናኛው ያልቃል፤ ሌላውን ማገልገል የሹድራ፣ የመጨረሻው መደብ፣ የተፈጥሮ ሥራ ነው ይላል። የህንዱ የሕግ ምሁር አምቤድካር ጊታን የመደብ ሥርዓት ጠበቃ ብሎ የከሰሰው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። እሱ የተወለደበት ማኅበረሰብ፣ ከሹድራም በታች የተጣለው፣ ለዘመናት ያለ ፍሬ አገልግሏል፤ ዮጊ ብሎ የጠራው ግን የለም። የሚጠራው መጥረጊያውን ላለመያዝ መብት ያለው ሰው ነው፤ ኒቬዲታ ወጣቶቹን ያሳፈረችውም ለዚህ ነው፣ ከአውሮፓ የመጣች የተማረች ሴት ስለሆነች።

ከዚህ ተነሥቼ መስፈርት ላበጅ ነበር፦ አገልግሎት ፍቅር የሚሆነው ሰው ጥሎ መሄድ ሲችል ነው የሚል። ዛሬ ሰው ከፍሎ አሽራም (የዮጋ ገዳም) ገብቶ ድስት ያጥባል፤ ሲበቃው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። የእኛ ልጆች ደግሞ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያንኑ ድስት ያጥባሉ፤ ፓስፖርታቸው የተያዘባቸው፣ ደመወዛቸው ሲዘገይ «አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ» የሚባሉ አሉ። በመስፈርቴ የመጀመሪያው ዮጊ ነው፣ ሁለተኛዋ አይደለችም።

ግን ይህ እንዴት ልክ ይሆናል? በዚያ ቤት ያለችው ልጅ የምታሳድገውን ሕፃን ከልቧ ልትወድ ትችላለች፤ ሲታመም ሌሊቱን ሙሉ ታቅፋው ልታድር ትችላለች፣ ምስጋናም ደመወዝም ሳትጠብቅ። መሄድ ስላልቻለች ፍቅሯ ፍቅር አይደለም ካልኩ፣ አሠሪዋ ከወሰደባት በላይ ወሰድኩባት። መስፈርቴ እሷን አይመዝንም ማለት ነው። የሚመዝነው «ቤተሰብ ነሽ» ያላትን ሰው ብቻ ነው።