የሚያስደስተን ወሬም ይጣራ

 

«ሙስሊሞች ድሮ ምድር ጠፍጣፋ ናት ይሉ ነበር» የሚል ጽሑፍ ስናይ እንናደዳለን፤ «ማስረጃህን አምጣ» እንላለን። «ክብ መሆኗን ለዓለም ያስተማርነው እኛ ነን፤ አውሮፓውያን ጠፍጣፋ ትመስላቸው ነበር» የሚል ስናይ ግን ሳንጠይቅ ሼር እናደርጋለን። ለምን?

እስቲ የወደድነውን እናጣራ። ኢስላም ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ግሪኮች ምድር ክብ መሆኗን ያውቁ ነበር፤ ኤራቶስቴንስ ዙሪያዋን ለክቷል። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ምሁራንም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። ኮሎምበስን የተቃወሙት ሊቃውንት ክርክራቸው ስለ ጉዞው ርቀት እንጂ ስለ ምድር ቅርጽ አልነበረም። «ጠፍጣፋ ናት ብለው ከለከሉት» የሚለውን ተረት በሰፊው ያሰራጨው አሜሪካዊው ደራሲ ዋሽንግተን ኧርቪንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተመው መጽሐፍ። ኮሎምበስ ከተጓዘ ከ300 ዓመት በላይ ቆይቶ! ለሐዲስ ቢሆን ኖሮ «ሰነዱ የታለ?» አንልም ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። የኸሊፋ አል-መእሙን ምሁራን የምድርን ስፋት ለክተዋል፤ አል-ቢሩኒም ከተራራ ላይ ሆነው አስልተዋል። ኢብን ሐዝምና ኢብን ተይሚያ (ረሒመሁመላህ) ዑለማዎች ክብነቷን እንደተቀበሉ ጽፈዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ደረሶቻችን በሚቀሩት ተፍሲር አል-ጀላለይን ውስጥ፣ ኢማም አል-መሐሊ ሱረቱል ጋሺያ ላይ ሲደርሱ ወደ ጠፍጣፋነቷ ያዘነብላሉ። ይህም እውነት ነው። የመጀመሪያውን አውርቶ ሁለተኛውን የሚደብቅ ሰው ታማኝ አስተላላፊ አይደለም። የአንድ ዓሊም አስተያየት ደግሞ ዲናችንን አያዋርድም፤ መደበቁ ግን እኛን ያዋርደናል።

አላህ በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ አዞናል። በሱረቱ ኒሳእም በራሳችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንመሰክር አዞናል። ሁለቱ ትእዛዞች አብረው ይሄዳሉ። የሚጎዳንን ብቻ የምናጣራ ከሆነ ያ ማጣራት ሳይሆን መከላከል ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሼር ከማድረጋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ማን ተናገረው? ከማን ሰማ? የሚቃወመውንስ ማስረጃ አብሮ ነግሮናል? መልስ ካጣን ዝም ማለት ይሻለናል።

አላህ በምንወደውም በምንጠላውም ነገር እውነትን ከሚናገሩት ያድርገን። አሚን!