ስለ ቅጥር ግቢ ተክልና ስለ አገር በቀል ዛፍ

ሰው በገዛ ቅጥሩ ውስጥ የሚተክለውን መምረጥ የራሱ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። መሬቱ የእኔ ነው፤ የወደድሁትን ብተክል ማን ይጠይቀኛል ይላል። ዳሩ ግን ነገሩን ለመረመረው ሰው እንዲህ አይደለም። አጥር የሚከለክለው ሰውንና ከብትን ነው እንጂ ወፍንና ንብን፣ ነፋስ የሚያነሣውን ዘር፣ ከመሬት በታች የሚሄደውንም ውሃ አይከለክልም። ስለዚህ በአንዱ ቅጥር የተተከለው፣ በጎም ቢሆን ክፉም ቢሆን፣ ለጎረቤት ይደርሳል።

ለዚህ የወፍ ቆሎ ምሳሌ ይሆነናል። አበባው ያማረ ስለ ሆነ ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ከአሜሪካ ወደ ብዙ አገር ተወሰደ። ወፎች ግን ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ስለሚጥሉት የግጦሹን ስፍራ ይወርሰዋል፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም ይታመማል። አንዱ ለዓይኑ ደስታ የተከለው ለሌላው ዕዳ ሆነ።

እንግዲህ ከውጭ የመጣ ተክል ሁሉ ክፉ ነው ልንል ነውን? አይደለም። በርበሬና በቆሎም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ያለ በርበሬ ቀይ ወጥ አይሠራም። ባሕር ዛፍም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ዘሩ መጥቶ ባይተከል ኖሮ በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በማገዶና በቤት እንጨት እጦት እጅግ በተቸገረች ነበር። ስለዚህ ውለታው አይካድም። ነገር ግን እንግዳን ማክበር ማለት ባለቤቱን ከቤት ማስወጣት አይደለም። ባሕር ዛፍ ውሃ በብዙ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሌላ ቡቃያ እምብዛም አይበረታም።

አገር በቀሉ ግን ዝናሙን ያውቀዋል፤ በጋውንም ለምዶታል፤ አንድ ጊዜ ሥር ከሰደደ በኋላ ብዙ ውሃ አይጠይቅም። ግራዋና ብሳና ሲያብቡ ንብ ይሰበሰብባቸዋል። የዋንዛን ፍሬ ልጆችም ወፎችም ይለቅሙታል። ቀጋ ነጭ አበባውን ለዓይን፣ እሾሁን ለአጥር፣ ፍሬውን ለአፍ ይሰጣል። እንዶድም ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ሲቈጠር ኖሮ፣ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሊቁ አክሊሉ ለማ በዓድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ውሃ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ገለጡ። ተክሉ ከየጓሮው ተነቅሎ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ዕውቀት ከወዴት ይገኝ ነበር?

በደቡብ ጎንደርም ዙሪያው ሁሉ ታርሶ ሳለ የቀረው የጥንት ደን አብዛኛው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ያለው ነው። ይህም ቅጥር ለጠባቂው ብቻ ሳይሆን ለአገር መዝገብ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል።

አንድ የሚከብድ ነገር ግን አለ። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለሽያጭ ይደርሳል፤ ጥድና ወይራ ግን ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ የተከላቸውም ሰው ሙሉ ጥላቸውን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል። የዕለት ጉርሱ ያስጨነቀው ድኻ ቶሎ የሚደርሰውን ቢመርጥ ሊወቀስ አይገባውም። ሰፊ ግቢ ኖሮት ለጌጥ ብቻ የሚተክል ሰው ግን ምን ምክንያት አለው? እርሱ የሚጠብቀው የዓይን ደስታ ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ ደስታ ለንብም፣ ለወፍም፣ ለልጅ ልጁም ከሚተርፈው ተክል ሊያገኘው ይችላል።

ስለዚህ ቅጥር ያለህ ሰው ሆይ፣ ሁሉን ንቀል አንልህም። ከጽጌረዳው አጠገብ ቀጋን፣ ከአጥሩ ዳር ወይራን ትከል፤ ልጅህንም ጠርተህ ስማቸውን አስተምረው። ሰው ስሙን ለማያውቀው ዛፍ መቈረጥ አያዝንምና።