በብዙ እጅ ያለፈ አደራ

ሰው በዕድሜው ከሚሸከማቸው ሸክሞች ሁሉ የሚከብደው የሌላ ሰው ዕቃ ነው። የራሱ ገንዘብ ቢጠፋበት ያዝናል፤ በእጁ የተሰጠው የሌላው ሰው ገንዘብ ቢጠፋበት ግን ከሐዘኑ በላይ ዕፍረት ይይዘዋል። አባቶቻችን ይህን ነገር «አደራ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለው፥ «አደራ ጥብቅ ነው፥ ሰማይ ሩቅ ነው» ብለው ተረቱ። አደራውን ያጐደለውንም ሰው «አደራ በላ» ሲሉ ሰየሙት። ይህ ስም ከሌባ ስም ይልቅ ይከብዳል፤ ሌባ ያላመነውን ሰው ሲሰርቅ፥ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ይበድላልና።

በሁለት ሰዎች መካከል ያለ አደራ ለማስተዋል አያስቸግርም። ሰጪው ይታወቃል፥ ተቀባዩም ይታወቃል፤ ቢጠፋ የሚጠየቀው ሰው ግልጽ ነው። ነገሩ የሚጠልቀው አደራው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው፥ ከሌላውም ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው ሲተላለፍ በመካከል የጠፋ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጊዜ ዕዳው የማን ነው? የመጀመሪያው ተቀባይ ነውን? የመጨረሻው ነውን? ወይስ ማንም ሳያየው ዕቃው ከእጁ የወደቀበት የዚያ ያልታወቀ ሰው? ጥያቄው ጥንታዊ ቢሆንም፥ በዘመናችን ጐልቶ የሚታየው ከአገር ወደ አገር በአይሮፕላን ሲሄዱ፥ በመካከልም ሌላ አይሮፕላን ሲለውጡ በሚጠፋው ሻንጣ ስለ ሆነ፥ ምርመራችንን በዚሁ ላይ እናደርጋለን።

የጎጃም ሰው ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በባሶ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ የአባይን ወዲያና ወዲህ ያገናኝ ነበር። ከእናርያና ከጉድሩ በኩል ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይመጣ ነበር፤ ከሰሜን በኩል ደግሞ አሞሌ ጨውና ልዩ ልዩ ጨርቅ ይወርድ ነበር። ከምጥዋ ወደብ የተነሣ ዕቃ በጎንደር አልፎ ባሶ እስኪደርስ በስንት አጋሰስ ጀርባ እንደ ተጫነና በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ መገመት ቀላል ነው። ዳሩ ግን ሲራራ ነጋዴው ዕቃውን የሚያስረክበውን ሰው ፊት ያውቃል፤ ባያውቀውም ዋስ ይጠራል። ዋስ የሆነው ሰው ዕቃው በጠፋ ጊዜ «እኔ በእጄ አልነካሁትም» ብሎ ሊከራከር አይችልም። ሳይነኩ መክፈል የዋስነት ትርጕሙ ነውና። ይህን ነገር በልባችን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የአይሮፕላን ጉዞ በአገራችን ሲጀመርም አደራው ከዓይን የራቀ አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ባደረገበት ዘመን፥ በእነዚያ ከጦርነቱ በተረፉ አይሮፕላኖች ውስጥ ተሳፋሪዎች በግራና በቀኝ በተዘረጋ መቀመጫ ላይ ሲቀመጡ፥ ዕቃው በመካከል ታስሮ ይጫን ነበር። መንገደኛው ከንብረቱ ጋራ ፊት ለፊት እየተያየ ይበር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል። ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ወደ ኖርዌይ፥ ወደ በርገን ከተማ የሚሄድ አንድ መምህር በሐሳባችን እንሣል። እናቱ በእጃቸው የፈተሉትን ጋቢ፥ በርበሬና ሽሮ፥ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ በሻንጣው ውስጥ አሽገውለታል። እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው መንገድ ረዳቱ ሻንጣውን ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲያስር ቆሞ ያየዋል፤ ደጀን ላይ ወርዶ ይመለከተዋል፤ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ሲደርስም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ገመዱ መላላት አለመላላቱን ይጠይቃል። ቦሌ ሲደርስ ግን ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቶ፥ 10 አኃዝ ያለበት ወረቀት በጆሮው ታስሮለት፥ በጐማው መጋረጃ ሥር ገብቶ ይሰወራል። ከዚያ በኋላ የሚለየው ሰው፥ የሚጭነው ሰው፥ በመካከል አገር የሚያራግፈው ሰው፥ ወደ ሁለተኛው አይሮፕላን የሚያዛውረው ሰውና በመጨረሻ የሚያወርደው ሰው የተለያዩ ናቸው። ባለቤቱ አንዳቸውንም አያውቃቸውም፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የመጀመሪያው አይሮፕላን ጥቂት ቢዘገይ መንገደኛው ሮጦ ሁለተኛውን ይደርስበታል፤ ሻንጣው ግን እግር ስለሌለው ይቀራል።

ይህ የጥቂት ሰዎች ዕጣ ብቻ አይደለም። ሲታ የተባለው የአየር መንገዶች የመገናኛ ድርጅት በሚያወጣው ዓመታዊ መግለጫ እንደሚታየው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. ከ1,000 ተሳፋሪዎች 19 ያህል ሻንጣ ዘግይቷል፥ ተጐድቷል ወይም ጠፍቷል። በ2023 ዓ.ም. ቊጥሩ ወደ 7 ዝቅ ብሏል፤ ነገር ግን ከዚህ ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የደረሰው ሻንጣው ከአይሮፕላን ወደ አይሮፕላን ሲዛወር ነው። እንግዲህ አደራ የሚጠፋው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ቦታ፥ ይኸውም አንዱ «ሰጥቻለሁ» ብሎ በሚያስብበትና ሌላው ገና «ተቀብያለሁ» ባላለበት ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መምህሩ በርገን ደርሶ ባዶውን የሚዞረውን ተንቀሳቃሽ መደብ ተመልክቶ ወደ ጠያቂዎች መስኮት ቢሄድ፥ የኋለኛው አየር መንገድ «እኛ አልተረከብንም» ሊለው ይችላል። የፊተኛውም «ከእኛ ወጥቷል» ሊል ይችላል። ሁለቱም ሐሰት ላይናገሩ ይችላሉ። የአደራ ፈተና እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እውነት ሲናገሩ ዕቃው ግን የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ምሳሌው ስለ ሸክም የተነገረ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ሸክምን ሃምሳ ሰዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ይቀለዋል። አደራን ግን እንደ ሎሚ ቈጥሮ መካፈል አይቻልም። አሥር ሰዎች በየተራ የያዙት አደራ በእያንዳንዱ እጅ ላይ ሙሉውን ያርፋል እንጂ ዐሥራ አንድ ጊዜ ቢተላለፍ ዐሥራ አንድ ቦታ አይቈረስም። ሰው ሁሉ «የእኔ ድርሻ ጥቂት ናት» ብሎ ያሰበ ቀን ዕቃው ጠባቂ አጣ ማለት ነው።

የዓለም መንግሥታት ስለዚህ ነገር ያወጡት ሕግ ከዚህ አስተሳሰብ ጋራ መስማማቱ የሚያስደስት ነው። በ1922 ዓ.ም. በዋርሶ የተጀመረው ውል፥ በኋላም በ1991 ዓ.ም. በሞንትሪያል ተሻሽሎ የተጻፈው ስምምነት፥ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም. የተቀበለችው፥ ስለ ተመዘገበ ሻንጣ ሲደነግግ፥ ሻንጣው በአጓጓዡ ጥበቃ ሥር ሳለ መጥፋቱ ከታወቀ አጓጓዡ ጥፋት ባይገኝበትም ይከፍላል ይላል። መንገደኛው በገዛ እጁ ይዞት ለሚገባው ዕቃ ግን አጓጓዡ የሚጠየቀው ጥፋቱ የታየ እንደ ሆነ ብቻ ነው። አጓጓዦቹ ተከታታይ በሆኑ ጊዜም ባለ ሻንጣው የፊተኛውን፥ የኋለኛውን፥ ወይም ዕቃው በእጁ ሳለ የጠፋበትን ሊጠይቅ ይችላል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድነትም በነጠላም ባለ ዕዳዎች ናቸው። ማን እንዳጠፋው መመርመር የባለ ዕቃው ሥራ አይደለም። እነርሱ እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ።

«ያላጠፋ ሰው ይከፍል ዘንድ ትክክል ነውን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። በአገራችን ጥንት የነበረው የአፈርሳታ ሥርዓት ዕቃ የጠፋበትን ቀበሌ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ ሌባውን እንዲያወጡ ያስገድድ ነበር፤ ሌባው ካልተገኘም ነዋሪው ተዋጥቶ ይከፍል ነበር። በሌባ ሻይም ዘመን፥ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በመንደሩ ሲሮጥ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥፋትን በዕድል የሚያድል ስለ ነበረ ግፍ ነበር፤ ተከልክሎ መቅረቱም የተገባ ነው። አፈርሳታውም ቢሆን ብዙ ንጹሓንን አስጨንቋል።

ዳሩ ግን በሁለቱና በሻንጣው ሕግ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። በአፈርሳታ የሚከፍለው ገበሬ የጠፋውን በሬ እንዲጠብቅ ማንም አልሰጠውም፤ እርሱም እሺ አላለም። አየር መንገዱ ግን ኪራዩን ተቀብሎ፥ ወረቀቱን አስሮ፥ «አደርሳለሁ» ብሏል። እንደ ባሶው ዋስ በገዛ ፈቃዱ በመካከል ገብቷል። ስለዚህ ጥፋት ሌላ፥ ዕዳ ሌላ መሆኑን እንረዳለን። ጥፋት የሚገኘው በሠራው ሰው ላይ ብቻ ነው፤ ያልሠራውን ሰው አጥፊ ማለት ሐሰት ነው። ዕዳ ግን ቃል ከመስጠት ይወለዳል። ቃል የሰጠ ሰው ምንም ሳያጠፋ ባለ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳውንም ሲከፍል ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይዋረድም።

ባለ ሻንጣውም ቢሆን ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠችው ሠራተኛ የድርጅቷን ዕዳ ትናገራለች እንጂ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ በእርሷ ላይ መጮህ የሌባ ሻይን ልጅ እንደ መከተል ነው። ቁም ነገሩ ከአይሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ የጉድለቱን መግለጫ ማስጻፍ፥ የተሰጠውን የሻንጣ ቁራጭ ወረቀት መጠበቅ፥ ጊዜውንም ማወቅ ነው። ስምምነቱ ለተጐዳ ሻንጣ 7 ቀን፥ ዘግይቶ ለደረሰ 21 ቀን የአቤቱታ ጊዜ ሰጥቷል፤ 21 ቀን ሙሉ ያልመጣ ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ክስ የሚቀርበውም በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የካሣው ጣሪያ ከታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት የሒሳብ መለኪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ነው። በዚህ ጊዜ በሻንጣው ውስጥ ያልነበረውን ልብስ ጨምሮ የሚያስጽፍ ሰው፥ አደራ የበላበትን ድርጅት እያማረረ ራሱ እምነት መብላቱን ልብ ሊለው ይገባል።

ሕግ ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ የማይደርስበት ነገር አለ። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የሻንጣው ቀለምና ዓይነት፥ የልብሱ ብዛትና ዋጋ የሚጻፍበት ቦታ ይገኛል፤ እናት ክረምቱን ሙሉ እንዝርት ያሾሩበት ጋቢ ግን በየትኛው መስመር ይጻፋል? ለመምህሩ በብርዱ አገር ሌላ ልብስ በገንዘብ ይገዛለታል። የተላከለት ግን ልብስ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ዕዳውን መክፈል አደራውን መመለስ አይደለም፤ መመለስ ባልተቻለ ጊዜ የሚደረግ ትንሹ ነገር ነው። ዋናው ሥራ ከመጥፋቱ በፊት ያለው ጥንቃቄ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አባሎቹ እያንዳንዱን ሻንጣ ከባለቤቱ ሲረከቡ፥ ወደ አይሮፕላን ሲጭኑ፥ ሲያዛውሩና ሲያስረክቡ እየመዘገቡ እንዲከታተሉ ማዘዙ ከዚህ የተነሣ ነው። ትእዛዙ በአጭር ቃል ሲነገር፥ ማንም «ተቀብያለሁ» ሳይል አይቀበል፥ «ሰጥቻለሁ» ሳይል አይስጥ ማለት ነው።

ይህ ትምህርት ለአይሮፕላን ሠራተኛ ብቻ የተሰጠ አይመስለንም። በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ባለ ጉዳይ ከደጀን ወይም ከሞጣ ተነሥቶ መጥቶ፥ መዝገቡ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር በመካከል እንደ ጠፋ ይነገረዋል? ፊተኛው ጸሐፊ «ከእኔ ወጥቷል» ይላል፤ ኋለኛው «ለእኔ አልደረሰም» ይላል። ሁለቱም እውነት ቢናገሩ ለገበሬው ምን ይጠቅመዋል? እርሱ አቤቱታውን የሰጠው ለመንግሥት ነው እንጂ ለአንድ ጠረጴዛ አይደለም። ስለዚህ መዝገቡን ፈልጎ የማግኘት ዕዳ ባለ ጉዳዩ በመጀመሪያ ባገኘው ሹም ላይ ያርፋል።

በዚህ ረገድ የጎጃም የቅኔ ቤቶች መልካም ምሳሌ ናቸው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፥ ከዜማ ቤትም ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ ሲዘዋወር፥ የሚቀበለው መምህር «ፊደል ያላስተማረው የፊተኛው መምህርህ ነው፤ እርሱን ጠይቅ» ብሎ አያሰናብተውም። የጐደለውን እዚያው ያስሞላዋል። ልጁን ሙሉ አድርጎ ተቀብሏልና፥ የቀደመውም ጕድለት የእርሱ ዕዳ ሆኗል። የዛሬው መምህር ከአንደኛ ደረጃ ጐድሎ የመጣለትን ተማሪ ሲያይ ይህን ቢያስብ፥ ሹሙም የተቋረጠ መዝገብ ሲደርሰው እንዲሁ ቢያስብ፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚጠፋው ነገር ብዙ ይቀንሳል።

እንግዲህ በብዙ እጅ ያለፈ አደራ ዕዳው የማን ነው ተብለን ብንጠየቅ፥ የተቀበሉት ሁሉ ነው፤ የእያንዳንዳቸውም ሙሉ ዕዳ ነው ብለን እንመልሳለን። አጥፊው ማን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ በርጋታ ሊመረመር ይችላል። ዕቃው የጠፋበት ሰው ግን ምርመራው እስኪያልቅ በደጅ ሊቆም አይገባውም።